መጀመሪያ እራቱን ምረጡ፦ በምግባቸው የታወቁ የጃፓን ሪዮካኖች ሲነጻጸሩ

ሪዮካን የሚባለውን የጃፓን ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በፎቶግራፍ ይወስናል። ታታሚ የሚባለው የሣር ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል፣ በረዶ የከበበው ፍል ውሃ፣ ከተንሸራታቹ የወረቀት በር ባሻገር የሚታየው የአትክልት ስፍራ ዓይን ይይዛሉ። እኔ ግን ምርጫው ከእራት ገበታ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። በብዙ ሪዮካኖች አንዱ ክፍል ለዚያው ሌሊት በሁለትና በሦስት ዋጋ ይሸጣል። ክፍሉም ፍል ውሃውም ያው ነው፤ የሚለየው ማታ የሚቀርበው ምግብ ነው። ማረፊያው ያለበት ተራራ ወይም ወደብ በዚያ ወር የሚሰጠውን ሳይውል ሳያድር ለእንግዳ ማቅረብ የእነዚህ ቤቶች ዋና ኩራት ነው። ስለዚህ «የትኛው ሪዮካን ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። በየትኛው ወር ትሄዳላችሁ? የማትበሉት ምንድን ነው? ማታውን በገበታ ዙሪያ ለማሳለፍ ፈቃደኛ ናችሁ ወይስ ከተማ መዞር ይሻላችኋል? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ሰው ምርጫውን ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ዋጋው ብዙውን ጊዜ የሚጠራው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ እራትና ቁርስ በውስጡ አሉ። በግርድፉ ሲታይ ሚንሹኩ የሚባሉት በቤተሰብ የሚተዳደሩ ትንንሽ ማረፊያዎች ለአንድ ሰው 10,000 የን አካባቢ፣ መካከለኛ ሪዮካኖች ከ15,000 እስከ 30,000 የን፣ ስመ ጥሮቹ ደግሞ ከ60,000 የን በላይ ይጠይቃሉ። እንግዳ የሚገባው ከቀኑ 9 ሰዓት (በእነርሱ አቆጣጠር 15፡00) ጀምሮ ነው፤ እራት ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ይቀርባል። ዘግይቶ የደረሰ ሰው እራቱን ሊያጣ ይችላል፤ የከፈለው ገንዘብ ግን አይመለስለትም። ወጥ ቤቱ የሚያበስለው በተመዘገበው ሰው ልክ ነውና በዚህ መቆጣት አይገባም።

ስለ መረቁ ሳትጠይቁ ቦታ አትያዙ

ይህን ክፍል ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ስለሆነ ነው። የጃፓን ምግብ መሠረት ዳሺ የሚባል መረቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኮምቡ ከሚባል የባሕር ሣርና በጭስ ደርቆ በስሱ ከተፋቀ የቦኒቶ ዓሣ ነው። ይህ መረቅ ሚሶ ከሚባለው የተብላላ አኩሪ አተር በሚሠራው ሾርባ ውስጥ አለ፤ በተቀቀለው አትክልት፣ በእንቁላሉና በማጥቀሻው ስጎ ውስጥም አለ። «ሥጋና ዓሣ አልበላም» ብላችሁ ብትናገሩ ሥጋውና ዓሣው ከፊታችሁ ይነሣል፤ አትክልቱ ግን በዓሣ መረቅ የበሰለ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይህ የሚሆነው በክፋት አይደለም። ለአብዛኛው ጃፓናዊ አብሳይ መረቁ እንደ ዓሣ ስለማይቆጠር ነው። ስለዚህ ጾም የሚጾም ሰው ጥያቄውን በግልጽ ማቅረብ አለበት፦ የዓሣ መረቅም ጭምር እንደማይበላ።

ሙስሊም አንባቢዎች ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥና ሚሪን የሚባለው ጣፋጭ የምግብ ማጣፈጫ አልኮል አለባቸው፤ ሁለቱም በወጥና በስጎ ውስጥ በየዕለቱ ይገባሉ። የአሳማ ሥጋ አለመኖሩን ብቻ አረጋግጦ መተኛት አይበቃም።

የቀን መቁጠሪያውም ከባድ ሚና አለው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ሲቆይ፣ የጃፓን የክረምት (የብርድ ወራት) የባሕር ምግብ የሚጥመው በዚያው ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም ቼሪ ከሚያብብበት ከማርች መጨረሻና ከኤፕሪል መጀመሪያ ጋር ይገናኛል፤ ፍልሰታ ከጃፓን በጋ (የሙቀት ወራት) አጋማሽ ጋር። ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ በቀር ከአዋጅ ጾም ነፃ ሆኖ የሚቀረው መልካም ወቅት ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት እስከ ኅዳር 14 ድረስ ናቸው። ጃፓን ላይ ይህ መከር ነው፦ አዲስ ሩዝ የሚገባበት፣ የዱር እንጉዳይ የሚለቀምበት፣ ቅጠሉ የሚቀላበት። በምርጫ ላይ ያለ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ከኔ ምክር ቢጠይቅ ከሁሉ በፊት ይህን ወቅት እጠቁመዋለሁ።

ኮያሳን፦ ለጾመኛ የተሠራ የሚመስል ተራራ

ከኦሳካ በስተደቡብ፣ በዋካያማ አውራጃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ የገዳማት ከተማ ነው። ኩካይ የተባለው መነኩሴ በ816 እ.ኤ.አ. መሠረተው። ዛሬ ከ50 በላይ የሚሆኑ ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ። ይህ ዓይነቱ ማረፊያ ሹኩቦ ይባላል። በጠባቡ ከተተረጎመ ሪዮካን ባይሆንም ክፍሉ ታታሚ፣ መኝታው ወለል ላይ የሚነጠፍ ፉቶን፣ ምግቡም በወቅቱ የሚለዋወጥ ስለሆነ በንጽጽሩ ውስጥ መግባቱ ግድ ነው። ከኦሳካ ናምባ ጣቢያ በናንካይ ባቡር እስከ ጎኩራኩባሺ፣ ከዚያም በገመድ በሚጎተተው የተራራ ባቡር፣ በመጨረሻም በአውቶቡስ ይደረሳል።

እዚህ የሚቀርበው የመነኮሳት ምግብ ሾጂን ሪዮሪ ነው። ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ መረቁ የሚወጣው ከኮምቡና ከደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ አይገቡበትም፤ ስሜትን ያነሣሣሉ ተብለው በቡድሃ መነኮሳት ዘንድ የተተዉ ናቸው። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ለማያውቀው ለእኛ ምላስ ይህ መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል። ጥቂት ታግሦ ለሚበላ ግን የእያንዳንዱ ነገር የራሱ ጣዕም ይገለጣል። የሰሊጡን ቶፉ በተለይ አስተውሉት። ሰሊጥ ለረጅም ጊዜ ተፈጭቶ፣ ኩዙ ከሚባል ተክል ሥር ከሚወጣ ስታርችና ከውሃ ጋር በእሳት ላይ እየተማሰለ ይረጋል፤ ሲቀምሱት አፍ ውስጥ ይቀልጣል። በተራራው ብርድ ቀዝቅዞና ደርቆ የሚዘጋጀው ኮያ ዶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር ቶፉም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቦታ ነው። መረቁን ውስጡ ሞልቶ ስለሚይዝ ሲነከስ ይፈልቃል።

ጉድለቱንም ልናገር። ብዙዎቹ ቤቶች መጸዳጃውና መታጠቢያው የጋራ ነው፤ በክረምት ኮሪደሩ ይበርዳል፤ በሩ በጊዜ ይዘጋል። ቁርስ ከማለዳው ጸሎት ቀጥሎ ስለሚቀርብ እስከ ተሲዓት የሚጾም ሰው ቁርሱን አስቀድሞ ማስቀረት ይኖርበታል፤ እምቢ የሚል ቤት ይኖራል ብዬ አልገምትም። ጸሎቱ ላይ መገኘት በአብዛኞቹ ዘንድ በእንግዳው ፈቃድ ነው፤ የራሱን እምነት የሚጠብቅ ሰው ክፍሉ ቢቆይ ማንም አይከፋበትም። ሾጂን ሪዮሪ በሚሪንና በሳኬ ሊጣፍጥ ስለሚችል ሙስሊም እንግዳ እዚህም መጠየቅ አለበት።

ኪኖሳኪ፦ ለሸርጣን የሚኬድበት

በጃፓን ባሕር ዳርቻ፣ በህዮጎ አውራጃ የምትገኝ የወንዝ ዳር ከተማ ናት፤ ከኪዮቶ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ትርቃለች። እዚህ ክረምቱ አንድ ስም አለው፦ ማትሱባ ሸርጣን። ወንዱ ሸርጣን የሚጠመደው ከጥቅምት 27 (ኖቬምበር 6) እስከ መጋቢት 11 (ማርች 20) ብቻ ነው። ቅርብ በሆነው በጹያማ ወደብ የወረደው እግሩ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ መለያ ይታሰርለታል። ያ መለያ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሲቀርብላችሁም ከነመለያው ነው።

እራቱ የሚዞረው በአንዱ ሸርጣን ዙሪያ ነው። እግሩ ጥሬውን በበረዶ ውሃ ሲነከር እንደ አበባ ይከፈታል። ሌላው እግር ከፊታችሁ በከሰል ይጠበሳል። የቀረው በድስት መረቅ ውስጥ ይቀቀላል፤ በመጨረሻ ሩዝ በዚያው መረቅ ይጨመርና የሸርጣኑን ጣዕም ሁሉ ጠጥቶ ይወጣል። ይህችን የመጨረሻ ሩዝ ሳይበላ ጠግቤያለሁ ብሎ የተነሣ ሰው አሳዝኖኛል፤ ከዝግጅቱ ሁሉ ምርጧ እርሷ ናት።

ርካሽ «የሸርጣን እራት» ካያችሁ ጠርጥሩ። ከወቅቱ ውጭ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ የቆየ ወይም ከውጭ አገር የገባ ነው። መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ኪኖሳኪ ድረስ ለመሄድ ምክንያት አይሆንም። ቦታ ስትይዙ ሸርጣኑ መለያ ያለው መሆኑን፣ ለአንድ ሰው ስንት ሸርጣን እንደሚደርስ፣ ጥሬው ይካተት እንደሆነ ጠይቁ።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊትም ሆነ በቤተ እስራኤል ዘንድ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት አይበላም ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ። ለእርሱ የኪኖሳኪ ክረምት ትርጉም የለውም። ከተማዋ ግን በዚህ አትጠፋበትም፦ አካባቢው ታጂማ የሚባለው የከብት ዝርያ አገር ነው፤ ታዋቂው የኮቤ ሥጋ የሚወጣው ከዚሁ ዝርያ ነው። በመከር ወራት የታጂማ ሥጋ እራት የሚያቀርብ ሪዮካን መያዝ ይቻላል፤ ዋጋውም ከሸርጣኑ ወቅት ይቀላል።

ሌላው የኪኖሳኪ በጎነት ሰባቱ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ናቸው። እንግዶች ዩካታ የሚባለውን ስስ የጥጥ ልብስ ለብሰው፣ በእንጨት ጫማ እያንኳኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። በብዙ የጃፓን ፍል ውሃዎች ንቅሳት ያለበት ሰው አይገባም፤ በሰባቱ የኪኖሳኪ መታጠቢያዎች ግን ይፈቀዳል። አንገቷ ወይም ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላትን እናት ይዞ ለሚጓዝ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ወደ ሌላ ከተማ የምትሄዱ ከሆነ በግል የሚያዝ መታጠቢያ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እናት በር ላይ ከመመለስ መዳን አለባት።

ኪዮቶ፦ ከሁሉ የረቀቀው፣ ለሁሉ የማይሆነው

የጃፓን ባህላዊ አመጋገብ በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የእኛም የመስቀል በዓል በዚያው ዓመት ተመዝግቧል። ያ አመጋገብ ጫፍ የደረሰበትን ቦታ ጥቀስ የተባለ ሰው ኪዮቶን ቢል የሚከራከረው ጥቂት ነው። ካይሴኪ የሚባለው እራት ትንንሽ ሳህኖችን በተራ ያመጣል፦ መክፈቻ፣ ጥርት ያለ ሾርባ፣ ጥሬ ዓሣ፣ የተጠበሰ፣ የተቀቀለ፤ ሩዝና በጨው የቆየ አትክልት መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ሩዙ ሲመጣ እራቱ ማለቁን እወቁ። በፉያቾ ጎዳና ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩት ታዋራያና ሂራጊያ በዚህ የተመሰገኑ ናቸው፤ ታዋራያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል፣ ሂራጊያ የተመሠረተው በ1818 እ.ኤ.አ. ነው።

በፀደይ የቀርከሃ ቡቃያ፣ በጁላይ የጊዮን በዓል ሰሞን ሃሞ የሚባለው ረጅም ዓሣ፣ በክረምት የሾጎኢን ሥራ ሥር ይቀርባሉ። ሃሞ አጥንቱ እጅግ የበዛ ስለሆነ አብሳዩ ቆዳው ሳይቆረጥ ሥጋውን በሦስት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሃያ አራት ጊዜ ያህል ይከትፈዋል፤ ቢላዋው አጥንት ሲቆርጥ የሚያሰማው ድምፅ የኪዮቶ በጋ ምልክት ነው። (ሃሞ ቅርፊት የለውም፤ የሚጠነቀቅ ይጠንቀቅ።)

አሁን ፍርዴን ልስጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጃፓን የሚሄድ ሰው በኪዮቶ ውድ ሪዮካን እንዲያድር አልመክርም። ኪዮቶን ለማየት የመጣ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ መቅደስ ሲዞር ውሎ፣ ደክሞትና እግሩ ዝሎ ለሁለት ሰዓት በሚዘልቅ እራት ፊት ይቀመጣል። በከተማው መሐል ያሉት ሪዮካኖች አብዛኞቹ የተፈጥሮ ፍል ውሃ የላቸውም። ይልቁንስ ኪዮቶ ላይ ካይሴኪን በምሳ ሰዓት በምግብ ቤት ብሉት፤ ከእራቱ በብዙ ይረክሳል። የሪዮካኑን ሌሊት ለኪኖሳኪ ወይም ለሂዳ አቆዩት። ለሁለተኛ ጊዜ የሚሄድ፣ ከተማውን ያየ፣ አንድ ሙሉ ቀን ከቤት ሳይወጣ ማሳለፍ የሚችል ሰው ከሆነ ግን ኪዮቶን የሚተካ የለም።

ሂዳ፦ እሳት ዙሪያ መቀመጥ ለሚወድ

በጊፉ አውራጃ ተራሮች ውስጥ ያለው ታካያማና ዙሪያው ከባሕር የራቀ አገር ነው፤ ምግቡም ያንን ይናገራል። ደረቅ ሰፊ ቅጠል በትንሽ የከሰል ምድጃ ላይ ይዘረጋል፤ ቅጠሉ ላይ ሚሶ፣ እንጉዳይና የሽንኩርት ቅጠል ይደረጋል፤ ሲንተከተክ በሩዝ ይበላል። ሆባ ሚሶ ይባላል። ስቡ በሥጋው መሐል እንደ ክር የተሰራጨው የሂዳ በሬ ሥጋ በዚያው ምድጃ ላይ ይጠበሳል። የዱር ቅጠላ ቅጠል በፀደይ፣ የወንዝ ዓሣ በበጋ ይጨመራሉ። የባሕር ሽታ ለሚከብደው፣ ጥሬ ዓሣ ለማይደፍር ሰው ከሁሉ የሚቀለው ገበታ ይህ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል።

ከታካያማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚደረስባት ሺራካዋጎ በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ፣ ጣሪያቸው ቀጥ ብሎ የሚወርድ የሣር ክዳን ቤቶች መንደር ናት። አንዳንዶቹ እንግዳ ያሳድራሉ። እራት በመሐል ቤት በሚነድደው ምድጃ ዙሪያ ከሌሎች እንግዶች ጋር ይበላል። ግድግዳው ስስ ነው፤ የጎረቤት ሳል ይሰማል። ዋጋው ከኪዮቶ ጋር አይወዳደርም። የሚመርጠው ሰው ምቾት ፈልጎ ሳይሆን ከሰው ጋር ለመቀመጥ ብሎ ቢመርጠው አይቆጭም።

ካናዋ፦ ራሳችሁ የምታበስሉበት

በኪዩሹ ደሴት፣ በቤፑ ከተማ፣ ካናዋ የሚባለው ሰፈር ከየቦታው እንፋሎት ይወጣል። እዚያ ያሉ አሮጌ ማረፊያዎች ለረጅም ሕክምና ለሚቆዩ ሰዎች የተሠሩ ናቸው፤ ምግብ አያቀርቡም፣ ይልቁንም ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት የሚሠራ ማብሰያ ለእንግዶች ክፍት ያደርጋሉ። ድንች፣ ጎመን፣ ዱባ፣ እንቁላል፣ ዶሮ ወይም ዓሣ ከገበያ ገዝቶ በቅርጫት አድርጎ ማስገባት ነው። ከፍል ውሃው የሚወጣው ማዕድን ጥቂት ጨው ጨው የሚል ጣዕም ይሰጠዋል።

ጾሙን ጠንቅቆ የሚጾም፣ ሐላል ካልሆነ የማይበላ፣ አለርጂ ያለበት፣ ወይም ገንዘቡ የተወሰነ ሰው ከመረቅ ጭንቀት ሁሉ የሚገላገለው እዚህ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ከቤት ይዞ የሄደ ሰው የሚቆጣው የለም፤ በኪዮቶ ገበታ ላይ ግን አታውጡት።

ሌሎችም አሉ፤ በአጭሩ ላንሣቸው። በኢሺካዋ አውራጃ የካጋ ፍል ውሃዎች ዳክዬ በዱቄት ተነስንሶ የሚሠራውን ጂቡኒ በሚያምሩ የኩታኒ ሸክላዎችና በያማናካ የእንጨት ዕቃ ያቀርባሉ፤ ከማርች 2024 ጀምሮ ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣን ባቡር ካጋ ኦንሰን ጣቢያ ስለሚደርስ ጉዞው ቀሏል። በዚያው አውራጃ በስተሰሜን ያለው የኖቶ ልሳነ ምድር ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ስለተጎዳ የዋኩራ ሪዮካኖችን የምታስቡ ክፍት መሆናቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በሰሜን አኪታ ደግሞ ተደቁሶ በእንጨት ላይ የተጠበሰ ሩዝ ከሂናይ ዶሮ ጋር የሚቀቀልበት ኪሪታንፖ የበረዶ ወራት ምግብ ነው፤ ለብርድ የማይበገር ይሂድ።

ስትመዘግቡ

የማትበሉትን ነገር ስትደርሱ ሳይሆን ቦታ ስትይዙ ጻፉ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከአንድ ሳምንት በፊት። አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን፦ የማይበላው ምን እንደሆነ፣ የዓሣ መረቅ ይፈቀድ እንደሆነ፣ አልኮል ያለበት ማጣፈጫ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ለስንት ሰው እንደሆነ። ረጅም የሃይማኖት ማብራሪያ ወጥ ቤቱን ያደናግራል። «አንችልም» ብለው ከመለሱ አትለምኑ፤ የማይችሉትን በግልጽ የሚናገሩ ቤቶች ሊመሰገኑ ይገባል፤ ክፍሉን ብቻ ያለ ምግብ መያዝ ወይም ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባትና እናት ካሉ የአልጋ ክፍልና እራት በወንበር የሚቀርብበትን ቤት ጠይቁ፤ ብዙ ሪዮካኖች አሁን አዘጋጅተዋል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው የማይቀበሉ ወይም ተጨማሪ የሚያስከፍሉ ቤቶች አሉ፤ ኮያሳን በዚህ ረገድ ይሻላል። መሰረዝ በዕለቱ ከሆነ ሙሉውን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፤ ከጥቂት ቀናት በፊትም ቢሆን ከፊሉን ይቆርጣሉ። ጉርሻ አይጠበቅባችሁም። የኪኖሳኪን መለያ ያለው ሸርጣን ለቅዳሜ ሌሊት የምትፈልጉ ከሆነ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ያዙ፤ በሳምንቱ መሐል ከሆነ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ቦታም ይገኛል።